በደረጃው ላይ የቀባሁት ብርሃን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 1989

ጥቁር ወጣ። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መሆን የነበረበት ቦታ ሁሉ ድፍን ጥቁር። ያውም በሰው ፊት።

እስካሁን ጆሮዬ ይግላል። ረጋ ብዬ ልጻፈው።

አቶ ኑረዲን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ጎተራ ነው። ላፍቶ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያሠራሉ። ንድፉን ያወጣው የእኛ ቢሮ፣ ማለትም አለቃዬ ጋሽ መስፍን ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ዓይናቸው እየደከመ ነው። የሰው ፊት መለየት ትተዋል። የደረጃ ጠርዝ አይታያቸውም፤ በዚህ ምክንያት ወድቀው ያውቃሉ። ኃይለኛ ብርሃንና ደማቅ ቀለም ግን አሁንም ያያሉ። አንድ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቀይ ሽሮፕ ፀሐይ ስታርፍበት፣ በብርጭቆው አልፋ ጨርቁ ላይ የወደቀችውን ደማቅ ቀይ መስመር አይተው በጣታቸው ተከተሏት። ባልየው በማግስቱ ቢሯችን መጥተው «እንደዚያ ያለ ነገር ደረጃው ላይ ይሠራልኝ» አሉ።

ጋሽ መስፍን ሐሳቡን ወደደው። በደቡብ በኩል ባለው የደረጃው መስኮት ላይ ወፋፍራም፣ መሀላቸው ያበጠ ባለ ቀለም መስታወቶች ሊገጠሙ ነው። ያበጠው መሀላቸው ፀሐይዋን ሰብስቦ ደረጃው ላይ ደማቅ መስመር ይጥላል። ታች ቀይ፣ መዞሪያው ላይ ቢጫ፣ ላይኛው ጋ ሰማያዊ። እትዬ ዘይነባ የት እንደደረሱ ከእግራቸው ሥር ባለው ቀለም ያውቃሉ።

እኔስ? «የእጅ ሥዕል ያሳምራል እንጂ እውነቱን አይነግርም፤ ኮምፒዩተር ግን ቤቱ ሳያልቅ ቤቱን ያሳያል» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ። የኮምፒዩተር ኮርሱን ከጨረስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም።

ዛሬ መጡ። ስክሪኑን ወደነሱ አዞርኩት። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚወርደው። ጣሪያው ወጣ። ግድግዳው ወጣ። መስኮቱ ከነቀለሙ ወጣ፤ ያምራል። ጋሽ መስፍን ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ደረጃው ወጣ፤ ላዩ ላይ የተደፋ የሞተር ዘይት የመሰሉ ሦስት ጥቁር ክቦች።

አቶ ኑረዲን «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አሉ።  «ጥላው ነው» አልኩ። የመስታወት ጥላ።

እትዬ ዘይነባ ወንበራቸውን አስጠግተው ፊታቸውን ከስክሪኑ ጋር ሊያገናኙት ምንም አልቀራቸውም። ቆዩ። ከዚያ በቀስታ «ጥቁር ነው አይደል? እሱንማ ያለ ኮምፒዩተርም አየዋለሁ» አሉ።

ለመቀለድ ነው። የሳቀ ሰው ግን የለም። ባልየው ክንዳቸውን ይዘው አስነሷቸው፤ «ሐሙስ እንመለሳለን» ብለው ወጡ። ጋሽ መስፍን በሩን ዘግቶ ሲመለስ ዓይኔን ላለማየት የጠረጴዛውን ወረቀት ያስተካክል ጀመር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ምክንያቱን አገኘሁት። ምንም አላጽናናኝም።

ሥዕሉን የሚያወጣው ፕሮግራም የሚነሳው ከተመልካቹ ዓይን ነው። ከዓይን ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ደረጃው ላይ ሲደርስ «ከዚህ ሆኜ ፀሐይ ትታየኛለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መሀል ላይ አንዳች ነገር ከቆመ መልሱ «አትታይም» ነው። ግንብም ይሁን ቀይ መስታወት ለእሱ አንድ ነው። ብርሃን መስታወት ውስጥ ገብቶ እንደሚታጠፍ፣ ቀለም ይዞ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እንደሚወጣ አያውቅም። እኔም እንደማያውቅ አላውቅም ነበር። አሳይሻለሁ ብሎ ያልማለ ማሽን ምን ያፍራል? የማልኩለት እኔ ነኝ።

ለጋሽ መስፍን አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«መቼ ይስተካከላል?»

«እንጃ።»

«እነሱ ነገ ይመጣሉ። እንግዲያው ቀለሙን በእጅሽ ጨምሪበት።»

«በእጄ?»

«ሥዕል መሳያው ፕሮግራም አለ አይደል። ብርሃኑ እዚያ እንደሚወድቅ እናውቃለን። ማሽኑ ያላወቀውን ነው የምናሟላው።»

እንዴት ያለ ቀላል አነጋገር ነው። ቀኑን ሙሉ በማውስ ቀባሁ። ጥቁሮቹን ክቦች አጠፋሁ። ቀዩን መሀሉን አደመቅኩ፣ ዳሩን አደበዘዝኩ፤ የደረጃው ጠርዝ ላይ ሰበር አደረግኩት። ቢጫውን ግድግዳው ላይ ትንሽ አስነካሁት። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሥዕል እወዳለሁ፤ እጄ አይሰንፍም። ማታ ወደ ቤት ልሄድ ስል ዞር ብዬ አየሁት። እውነት ይመስላል። እንዲያውም ከእውነት በላይ ያምራል።

የዛሬ ስሜቴ፦ ትንሽ ኩራት። ኩራቱን ተከትሎ እፍረት። በኩራቱ ደግሞ ሌላ እፍረት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ዋለ። ከንፋስ ስልክ እስከ ሳሪስ በየበሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ጢሱ መንገዱን ሸፍኖታል። ታክሲው ውስጥ ሁሉም ሰው ያስላል። ጢሱን ሰበብ አድርገው በቀሩ ብዬ ተመኘሁ። አልቀሩም።

አቶ ኑረዲን መጀመሪያ አዩ። «ይኸው፤ እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ወንበር ለባለቤታቸው ሳቡ። እትዬ ዘይነባ እንደ ማክሰኞው ተጠጉ። ስክሪኑ ፊታቸውን አቀላው። ጣታቸውን አንስተው ቀዩ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ወደ ቢጫው፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊው ወጡ። ደረጃውን በጣታቸው ወጡት።

«ቀዩን አየሁት» አሉ። «ኑረዲን፣ ቀዩን አየሁት እኮ።»

ባልየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ ኪቦርዱን አየሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር። እትዬ ዘይነባ ግን ወደኔ ዞሩና «ልጄ፣ ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ እንደዚህ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ መስፍንን አልጠየቁም። የጠየቁት እኔን ነው፣ ኮምፒዩተር እውነቱን ያሳያል ያልኳቸውን።

«አዎ» አልኩ።

ይህን ያህል አጭር ቃል ናት። አስቤም አይደለም። ደስታቸው እንዲቀጥል ፈለግኩ። ያቺን ቃል ባልል ኖሮ ቀለሙ የጋሽ መስፍን ጥፋት ነው እል ነበር። «አዎ» ግን የኔ ናት።

መስታወቶቹ ከውጭ ነው የሚመጡት፤ በልካቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ከታዘዙ በኋላ መመለስ የለም። ትእዛዙ ሰኞ ይላካል ተባባሉ። አቶ ኑረዲን ሲወጡ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ያቺ «አዎ» አላስተኛችኝም።

ከኮርሱ ያመጣሁትን የተባዛ ጽሑፍ ፈልጌ አወጣሁ። አንድ ገጽ ላይ ጥቂት መስመሮች አሉ፤ የዚያን ጊዜ ዘልያቸው ነበር፤ ከዓይን ሳይሆን ከብርሃኑ ምንጭ ተነስቶ ጨረር መላክ ይቻላል፣ ግን በጣም ጊዜ ይፈጃል ይላል። በቃ ይሄው ነው። እንዴት እንደሆነ አያስተምርም።

ሳስበው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ከፀሐይ በኩል ሆኜ መስኮቱ ላይ እፍኝ ጤፍ እንደ መበተን ነው። እያንዳንዷ ፍሬ መስታወቱ ውስጥ ትገባለች፣ ትታጠፋለች፣ ቀለም ትይዛለች፣ ትወጣለች፣ ደረጃው ላይ ታርፋለች። ያረፈችበትን ቦታ እመዘግባለሁ። ፍሬዎቹ የተቆለሉበት ቦታ ደማቅ ነው፤ የሳሱበት ደብዛዛ ነው። የሽሮፑ መስመር ይህ ነው። ብርጭቆው ፀሐይዋን አንድ ቦታ ቆልሏት ነው።

የመታጠፊያውን ሕግ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ አስታወስኩት። ኮርሱ ላይ በተማርኩት የፕሮግራም ቋንቋ፣ በፓስካል፣ መጻፍ ጀመርኩ። ጋሽ መስፍን በአጠገቤ ሲያልፍ ሌላ ፋይል ከፈትኩ። ይኸው፣ አሁን ደግሞ እውነቱን እየሠራሁ እደበቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ቢሮ ግማሽ ቀን ነው፤ ሌሎቹ ሲወጡ እኔ እዚያው ቆየሁ።

ጠዋት የጻፍኩትን ሳላስቀምጠው መብራት ሄደ። ቁጭ ብዬ ጥቁሩን ስክሪን አየሁት። ሲመለስ እንደገና ጻፍኩት፤ ሁለተኛው አጠረ፣ ስህተቱም ቀነሰ።

ከሰዓት በኋላ ፍሬዎቹ መውደቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ የተዘራ ነቁጥ ብቻ ነው፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። ምንም መልክ የለውም። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ነቁጦቹ ተሰብስበው አንድ የተቆለመመ ቀይ መስመር ሠርተዋል፤ አንድ ጎኑ ስለታም፣ ሌላ ጎኑ የሚሟሟ። እኔ ከቀባሁት ጋር አይመሳሰልም። የኔው ክብ ነበር፣ ለስላሳ፣ እንደ ሎሚ። ይሄኛው ሕይወት ያለው ይመስላል። ብቻዬን ሳቅኩ። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ ይሆናል። «ዓመቱን ሙሉ?» የሚለው ጥያቄ ግን ነበረ። ወሩን ቀየርኩት። ኅዳር፣ ጥሩ። ታኅሣሥ፣ በጣም ጥሩ። የካቲት፣ መስመሩ ወደ መስኮቱ ተጠጋ፣ ግን አለ። ግንቦት ስል ደረጃው ባዶ ሆነ። አንድም ፍሬ የለም።

ፕሮግራሙ ተበላሸ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። አልተበላሸም። የተበላሸው የኛ ሐሳብ ነው። በአገራችን ፀሐይ በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ግን በእኩለ ቀን ራሳችን ላይ አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። የደቡብ መስኮት ያን ጊዜ ፀሐይ አያይም። ጋሽ መስፍን መስኮቱን እዚያ ያደረገው ከመንገድ ሲታይ ስለሚያምር ነው። እኔም አልጠየቅኩም።

ይህ ማለት ደረጃው የዓመቱን ግማሽ ያህል ጨለማ ነው። እትዬ ዘይነባ ቀዩን ብለው ይረግጣሉ፤ ቀይ የለም።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባባ መንገድ ላይ ጎረቤታችንን አስቁሞ «የኔ ልጅ በኮምፒዩተር ብርሃን ትሠራለች» አለው። ሰውየው አየኝ። አንገቴን ደፋሁ። ጨዋ ናት ብሎ ይሆናል።

ቀኑን ሙሉ የተከራከርኩት ከራሴ ጋር ነው።

ዝም ብል ማን ያውቃል? አሁን ኅዳር ነው። ነገ ተነስተው ቢሯችን ያለውን የቀይ መስታወት ናሙና መስኮቱ ላይ ቢይዙ ቀዩ ደረጃው ላይ ይወድቃል፤ ይመሰክርልኛል። እስከ ሚያዝያ ማንም አይነቃም። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ደመና ነው ይባላል። ከዚያ ክረምት ነው። ከዚያ ደግሞ ዓይናቸው...

ይህችን መጨረሻዋን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ዓይናቸው እስከዚያ ይደክማል፣ ልዩነቱን አያውቁም ብዬ አሰብኩ።  ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ አስቦ ምሳ ይበላል፤ በላሁ።

ነገ ለጋሽ መስፍን እነግረዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ነገርኩት። ኅዳርን አሳየሁት፤ ግንቦትን አሳየሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወሮቹን ራሱ አንድ በአንድ አስቀየረኝ።

«ይሄ መቼ ተሠራ?»

«ዓርብና ቅዳሜ።»

«ሐሙስ ዕለት ግን አዎ አልሻቸው።»

«አዎ።»

 ከዚያ የተናገረው ቁጣ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። መስኮቱን የጠዋት ፀሐይ ወዳለበት እንዳናዞረው የምሥራቁ ግድግዳ ተገንብቶ ተለስኗል። ደንበኛው ሥዕሉን አይተው ረክተዋል። «ሥዕል ሥዕል ነው ሂሩት። ቤት ሲያልቅ ማንም ከሥዕሉ ጋር አያስተያየውም። ተይው።»

«እሳቸው ሥዕል አይደለም የጠየቁኝ» አልኩ። «የሚረግጡትን ነው።»

 ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። አልጠራኝም። ሥራዬን ለቅቄ ይሁን ሳልለቅ አላውቅም።

ጎተራ ሱቃቸው ሄድኩ። አቶ ኑረዲን ከደንበኛ ጋር ስለ ፍሬን ሸራ ይነጋገራሉ። ቆሜ ጠበቅኩ። ሲጨርሱ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀለሙን እኔ እንደቀባሁት፣ አዎ ያልኩት ሳላውቅ እንደሆነ፣ አሁን ግን ቆጥሬ እንዳወቅኩ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ብርሃን እንደማይገባ።

ሳያቋርጡ ሰሙኝ። በመጨረሻ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«ባለፈው ያሳየሽን በምንድን ነው?» አሉ።

«በኮምፒዩተር።»

«አሁን የማይገባ መሆኑን ያወቅሽውስ?»

«በኮምፒዩተር።»

«እና የቱን ልመን፣ ልጄ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እውነተኛውን ይዤ ብሄድም የሐሰተኛውን መልክ ይዞ ነው የሚታያቸው። በአንድ ስክሪን ላይ ወጥተዋል፤ ከአንድ አፍ ወጥተዋል።

ሱቃቸው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሰምተዋል። ማንም ቀና አላለም።

«ትእዛዙን ላንድ ቀን አቆየዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ላፍቶ ነይ። ወሬ አልፈልግም፤ በዓይኔ አሳይኝ። ዘይነባም ትመጣለች። ቀባሁት ያልሽውን ለሷ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፤ እኔ አልችልም።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ከመካኒሳ ታክሲ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ በሁለቱም በኩል የጤፍ ማሳ ነው፤ አጨዳ ተጀምሯል። ስሄድ የማስበው ስለ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ኅዳር ነው። ፀሐይ ትገባለች። ግንቦትን እንዴት አድርጌ በዓይናቸው ላሳያቸው?

አማራጩ አንድ ብቻ ነበር። ዛሬን ካወቅኩ ግንቦትንም ሊያምኑኝ ይችላሉ። ገና ፀሐይዋ ሳትመጣ የምታርፍበትን ማስመር።

ስደርስ ጋሽ መስፍን በሩ ላይ ቆሟል። አቶ ኑረዲን ደውለውለት ኖሯል፤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። በእጁ ናሙናውን ቀይ መስታወት ይዟል፤ ያለ እሱ ምንም ማሳየት እንደማልችል ረስቼው ነበር። «ቦርሳሽን ይዘሽ ስትወጪ መስታወቱን ረሳሽ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

እትዬ ዘይነባ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሻርፕ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተንበረከክኩ። «እትዬ፣ ሐሙስ ያዩት ቀይ የፀሐይ አልነበረም። እኔ ነኝ የቀባሁት። ዓመቱን ሙሉ ነው ያልኩዎትም ሳላውቅ ነው።»

ጋሽ መስፍን ከኋላዬ «ቀቢው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ።

እትዬ ዘይነባ ወደ እኔው ጠጋ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉ፤ ጉንጬን አገኙት። «ለምን ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«አፍሬ ነው» አልኩ። «ያለፈው ማክሰኞ ያወጣሁት ጥቁር አሳፍሮኝ።»

እጃቸውን መለሱ። ይቅር አላሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። «እስቲ አሁን ያልሽውን አሳይ» አሉ።

ግንበኛው መስታወቱን በጣውላ አስደግፎ መስኮቱ ላይ አቆመልኝ። ፀሐይ ገና ከግድግዳው ጀርባ ናት። ከፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የገለበጥኩትን ቁጥር አውጥቼ በሜትር እየለካሁ ደረጃው ላይ በጠመኔ ሁለት ቅስት አሰመርኩ፤ አንዱ ለአራት ሰዓት፣ አንዱ ለስድስት። አቶ ኑረዲን እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። ከዚያ ተቀምጠን ጠበቅን። እንደዚያ ያለ መቀመጥ አላውቅም። ከውጭ የአጫጆች ድምፅ ይመጣል። 

ቀዩ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ታየ፣ ደብዛዛ። ወረደ። እየወረደ ተሰበሰበ። አቶ ኑረዲን ሰዓታቸውን አዩና ጎንበስ አሉ። መስመሩ ከጠመኔው ትንሽ ወደ ላይ ነው ያረፈው፤ አንድ መዳፍ ያህል ስቷል።

«ስተሻል» አሉ።

 ጋሽ መስፍን ግን ሜትሩን ከእጄ ወስዶ መስኮቱን ለካ። ከዚያ ንድፉን ዘርግቶ ከንድፉ ጋር አስተያየው። ግንበኞቹ መስኮቱን ንድፉ ካለው ቦታ አንድ መዳፍ ያህል ከፍ አድርገው ነው የሠሩት። «እሷ የቆጠረችው በኔ ንድፍ ነው» አላቸው። «በንድፉ መሠረት ልክ ናት። ስህተቱ የግድግዳው ነው፤ ሳላየው ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ።»

ሁለተኛውን ቅስት አጥፍቼ በአዲሱ ልክ አሰመርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ቀዩ መስመር መጥቶ በጠመኔው ላይ ተኛ። ጠመኔው ራሱ ቀላ።

እትዬ ዘይነባ ተነሱ። ማንም አልደገፋቸውም። ወደ ደረጃው ሄደው ጫማቸውን አውልቀው ቀዩ ላይ ቆሙ። ቀዩ እግራቸው ላይ ወጣ።

«ይሄ ከቀባሽው ይበልጣል» አሉ። «ያኛው ለስላሳ ነበር። ይሄ ይወጋል። ይሄን አየዋለሁ።»

አቶ ኑረዲን ወደኔ ዞሩ። ድምፃቸው ተለውጧል። «የግንቦቱንም አስምሪ።»

ጠመኔውን ኪሴ ከተትኩት። «ለግንቦት የማሰምረው የለኝም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ «የቱን ልመን» አላሉም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ገና በማለዳ ቢሮ ገባሁ፤ ልባረር ይሁን ልሠራ ሳላውቅ። ጋሽ መስፍን ከኔ ቀድሞ ገብቷል፤ ወንበሩን ከኔ ወንበር አጠገብ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። «የምሥራቁን ግድግዳ ፕሮግራምሽ ውስጥ አስገቢልኝ» አለኝ። እንደዚህ አብረን ሠርተን አናውቅም። እሱ መስኮቱን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ ፍሬዎቹን እበትናለሁ። ከፍ ሲል ብርሃኑ ደረጃውን ዘሎ ያልፋል። ዝቅ ሲል የጎረቤት አጥር ይከልለዋል። በመጨረሻ ሰፋ አድርገን በጎን ስናስረዝመው ከመስከረም እስከ ሰኔ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ያርፋል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

እንደዚያም ሆኖ የተለሰነ ግድግዳ ማፍረስ ነው። ጋሽ መስፍን ለአቶ ኑረዲን ራሱ ደወለ፤ ጥፋቱ የቢሮው ነው አለ። በስልኩ የተባለውን አልሰማሁም። ፊቱ ቀልቶ ብዙ ጊዜ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ሲል ብቻ ሰማሁ። እሱም ማፈር ይችላል ለካ። ያ ጥቁር የወጣ ዕለት ያፈርኩት ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ ላፍቶ ተገናኘን። ለእትዬ ዘይነባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በጎውንም ክፉውንም። ብርሃኑ ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሆነ ቃል አልገባም።

«ጠዋት ነው የምወርደው» አሉ። «ክረምትንም አውቀዋለሁ፤ እሱን አንቺ አላመጣሽውም።»

ወንዶቹ ግድግዳው ጋ ሲለኩ እኛ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እጄን ያዙኝ።

«ሂሩት፣ ከእንግዲህ አትዋሺኝም አይደል?»

«አልዋሽዎትም።»

«ሐኪሙን ስጠይቀው አላህ ያውቃል ይለኛል። ኑረዲንን ስጠይቀው ገና ብዙ ጊዜ አለሽ ይለኛል፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ እሱም አያውቅም። አንቺ ብርሃን የት እንደሚያርፍ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ። ቀዩን እስከ መቼ ነው የማየው?»

እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም። አንድ ደስ የሚል ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አጫጭር ቃላት ቶሎ ነው የሚመጡት።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ። «መስታወቱ ከመጣ በኋላም የሚያዩት መሆኑን አላውቅም።»

 እጄን ግን አለቀቁትም፤ እንዲያውም አጠበቁት። ማልቀሴን እንዳይሰሙ ትንፋሼን ያዝኩ። ሰምተዋል መሰለኝ።

«እንግዲያው ነገ አንበል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባላቸውን ጠሩ። «ኑረዲን፣ ግንበኛው ዛሬ ይጀምር።»

ዛሬ ተጀመረ። መዶሻው ልስኑን ሲመታ ቤቱ ሁሉ አቧራ ሆነ። የመጀመሪያው ብሎኬት ወደ ውጭ ሲወድቅ በቀዳዳው ፀሐይ ገባች፤ ቀለም የላትም፣ ነጭ ብቻ። እትዬ ዘይነባ አቧራውን ሳይሸሹ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ።

በአዲሱ ልክ የሚታዘዘው መስታወት እስኪደርስ ወራት ይፈጃል አለ ጋሽ መስፍን።